ከኩራዝ እስከ ምጣድ፦ የመንዝ ውኃና የኤሌክትሪክ ታሪክ

ከራቤል በስተምሥራቅ፣ የግሼንና የመንዝን ደጋ ከኤፍራታና ግድም ቆላ በሚለየው የተራራ ሰንሰለት ላይ የሚወርድ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። በምሥራቁ ገጽ ያረፈው ገደሉን ቁልቁል ተወርውሮ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይገባል፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በምዕራቡ ገጽ ያረፈው ግን በደጋው ሜዳ ጥቂት ከዋለ በኋላ ወደ ጥልቁ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንጪት ጀማን፣ ጀማም አባይን ይቀላቀላል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ጎጃምን ዞሮ በጉባ በኩል ወደ ሱዳን ይወጣል። ሁለቱን ነጠብጣቦች የሚለያያቸው የአንዲት ተረተር ጀርባ ብቻ ነው።

የቀድሞው መንዝ ወሰን የሚነገረውም በወንዝ ነው። በሰሜን ቀጨኔ፣ በደቡብ ሞፈር ውኃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት ያጥሩታል። ከቀጨኔ ማዶ ያለችው ግሼና ከተማዋ ራቤልም ለዚሁ ውኃ ቤተ ዘመድ ናቸው። እንዲህ በወንዝ የታጠረ ሀገር ግን ለብዙ ዘመናት እሳቱን ያገኘው ከከብቱ እበት፣ የማታ ብርሃኑንም ከዚያው እሳት ነበር። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው የአበው ተረት ስለ ጥም ብቻ የተነገረ ቢመስልም፣ የኤሌክትሪክ ታሪክ ሌላ ትርጉም ጨምሮበታል።

ኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይሏን ከውኃ፣ ከናፍጣ፣ ከነፋስ፣ ከምድር እንፋሎት፣ ከቆሻሻና ከፀሐይ አግኝታለች። እነዚህን ምንጮች በሜጋ ዋት ብቻ መደርደር የመሐንዲስ ሥራ ነው። ለታሪክ የሚቀረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ምንጭ በማን ቤት ምን ለወጠ? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከመንዝ ቤት የሚገኙ ሁለት ዕቃዎች በቂ ሚዛን ይሆናሉ። አንዱ ኩራዝ ነው፤ ሁለተኛው ምጣድ።

ኩበቱና ኩራዙ

የመንዝ ደጋ በብዙ ሥፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ይላል። ብርዱ ጽኑ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ዛፉ ጥቂት ነው። ሕዝቡ ገብስ ይዘራል፤ በግ ያረባል፤ ሴቶቹ የበጉን ጸጉር ይፈትላሉ፤ ባናውና ዝተቱ ከዚያ ይሠራል። እንጨት ባነሰበት በዚህ ደጋ ዋናው ማገዶ ኩበት ነው። እበቱ በሴቶችና በልጆች እጅ ይጠፈጠፋል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ለክረምት ይከመራል። የጎጆው ሙቀት፣ የእንጀራው ብስለት፣ የቡናው ፍላት ሁሉ ከዚህ ክምር ይቆነጠራል።

የነደደ ኩበት ግን ወደ ማሳ የማይመለስ ማዳበሪያ ነው። ለከብቱ የተሰጠው ገለባ ከእርሻው የተገኘ ሲሆን፣ እበቱ ወደ እርሻው ቢመለስ ምድሪቱ የሰጠችውን በከፊል መልሳ ባገኘች ነበር። ወደ ምድጃ ሲሄድ ይህ ዑደት ይቋረጣል። በመሆኑም አንድ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ከመጪው ዓመት አዝመራ ጥቂት አብሮ ይነድዳል። ጭሱም በዝቅተኛው ጎጆ ውስጥ ተከማችቶ የጋጋሪዋን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። ይህ የመንዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመላው ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ከሚጠቀሙበት ኃይል ውስጥ ዛሬም ትልቁን ድርሻ የያዙት እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ናቸው። ኤሌክትሪክ በከተማ ጎዳና ላይ ጎልቶ ይታያል እንጂ በሀገሪቱ ምድጃ ውስጥ ገና እንግዳ ነው።

የብርሃኑ ነገር ከእሳቱ ትንሽ ይለያል። ጧፉ በቤተ ክርስቲያን፣ የምድጃው ፍም በየቤቱ ሲያበሩ ኖረው፣ ላምባ ወደ ገጠር ገበያ ሲደርስ ኩራዝ መጣ። ኩራዝ የድሃ ፈጠራ ነው፤ አንድ ባዶ ጣሳ ወይም ጠርሙስ፣ የጨርቅ ክርና ጥቂት ላምባ ይበቁታል። ብርሃኑ ደብዛዛ፣ ጥቀርሻው ብዙ ቢሆንም በሥሩ ፊደል ተቆጥሯል። በ1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን ለንባብ በጠራ ጊዜ፣ ቀን እርሻ ላይ የሚውል ሰው ደብተሩን የሚገልጠው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነበርና፣ ኩራዙና ፋኖሱ የዘመቻው ባልደረቦች ሆኑ። በዚያው ዘመን የተቋቋመው የመጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት «ኩራዝ» ተብሎ መሰየሙም ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙን የመረጡት ሰዎች የኢትዮጵያ አንባቢ ሲመሽ በምን ብርሃን እንደሚያነብ ያውቁ ነበር።

መንበሩና መብራቱ

በሰሜን ሸዋ ብርሃን ከመንበር ጋር የተያያዘው ከጥንት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሰማይ ታየ የተባለውን ብርሃን ምክንያት አድርገው ከተማቸውን ደብረ ብርሃን ብለው ሰየሙ። ከዚያ በኋላ የተነሣው የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ደግሞ የሚመዘዘው ከመንዝ ነው። የአጋንቻው ነጋሢ ክርስቶስ ከዚያ ደጋ የጀመሩት ግዛት በልጅ ልጆቻቸው እጅ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሰፋ፤ መንበሩም ወደ አንኮበር፣ ወደ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ተሻገረ።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ ሀገር ባለሙያ በአንኮበር አካባቢ የውኃ ወፍጮ ሠርቶ እንደነበር፣ ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ሥራ ፈትቶ መቅረቱን የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለመሳቂያ ነው። በቁም ነገር ከታየ ግን ያ ወፍጮ የሸዋ ወራጅ ውኃ የሴቲቱን ክንድ ከመጅና ከወፍጮ ድንጋይ እንዲያሳርፍ የቀረበ ቀደምት ግብዣ ነበር። ግብዣው ሲመለስ የፈጨችው ሴት ሐሳቧን አልተጠየቀችም።

ወደ ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1890 ዓ.ም. አካባቢ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተር ተተከለ። በ1904 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠርቶ በአዲስ አበባ የተቋቋሙትን ጥቂት ፋብሪካዎች ማገልገል ጀመረ። በ1924 ዓ.ም. የተጀመረው የአባ ሳሙኤል ግድብም በዚያው ወንዝ ላይ የተሠራ ሲሆን ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። አባ ሳሙኤል ለብዙ ዓመታት ሥራ ካቆመ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ማመንጨት ጀምሯል።

እዚህ ላይ ምጣዱን ወደ ሚዛን ማውጣት ያስፈልጋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋግር 3500 ዋት ያህል ይስባል። አንድ ሜጋ ዋት አንድ ሚሊዮን ዋት ነውና፣ አባ ሳሙኤል በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ በአንድ ጊዜ የሚያግለው ምጣድ 1900 አይሞላም። የመጀመሪያው ዘመን ኤሌክትሪክ ለቤተ መንግሥት፣ ለጥቂት መሥሪያ ቤቶችና ለጥቂት ፋብሪካዎች ብቻ የበቃው ለዚህ ነው። መንበሩ ከመንዝ ወጥቶ ነበር፤ ብርሃኑ ግን ወደ መንዝ አልተመለሰም።

ከነፃነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. በሸዋ ስም የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ተቋቋመ። ስሙ የሸዋ ቢሆንም ሥራው በዋና ከተማዋና በአካባቢዋ ላይ ያተኮረ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ይኸው ድርጅት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሆነ። ሕዝቡ ረጅሙን ስም አሳጥሮ «መብራት ኃይል» አለው፤ ተቋሙ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ሲከፈል በሕዝብ አፍ የቀረው ይኸው ስም ነው። በዚያው በ1948 ዓ.ም. ኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ለተዋናይ የመድረኩ መብራት፣ ለሀገሪቱ የመብራቱ መሥሪያ ቤት በአንድ ዓመት ተወለዱ። በአዲስ አበባ መጋረጃው ሲገለጥ ፊት በኤሌክትሪክ ይደምቅ በነበረበት ምሽት፣ በደጋው መንደር ያለው ተራኪ ገና በምድጃው ወገግታ ይታይ ነበር።

የወንዞች ዘመን

ኤሌክትሪክ ከቤተ መንግሥት ግቢ ወጥቶ የሀገር ሀብት መሆን የጀመረው በአዋሽ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43.2 ሜጋ ዋት ነበር፤ የተሠራውም ኢጣልያ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በወረራ ለፈሰሰው ደም የተከፈለው ገንዘብ ውኃ ማቆሪያ ሆነ። ከቆቃ በታች አዋሽ ሁለተኛና አዋሽ ሦስተኛ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተሉ። ያው አንድ ውኃ በሦስት ደረጃ እየወረደ ሦስት ጊዜ ሠራ።

በአባይ ላይ ጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋም ኃይል ሰጠ። በ1965 ዓ.ም. ገደማ የፊንጫ ማመንጫ በ100 ሜጋ ዋት፣ በ1980 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ የመልካ ዋከና ማመንጫ በ153 ሜጋ ዋት ተጨመሩ። የተከዜ፣ የግቤና የጣና በለስ ማመንጫዎች የመጡት ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። በ2002 ዓ.ም. ብቻ ተከዜ በ300፣ ግልገል ግቤ ሁለተኛ በ420፣ ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት ተመርቀዋል። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግቤ ሦስተኛ ደግሞ ብቻውን 1870 ሜጋ ዋት ነው።

ይህ ዕድገት ያለ ዋጋ አልተገኘም። የፊንጫ ሐይቅ የእርሻና የግጦሽ መሬት ዋጠ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ያለው ጢስ ዓባይ ሁለተኛ ሥራ ሲጀምር ከፏፏቴው አናት ብዙ ውኃ ወደ ተርባይኑ ተመለሰ፤ ሠዓሊና ባለቅኔ ለትውልድ ሲያደንቁት የኖሩት የጢስ እሳት ጢስ ሳሳ። ለአንዱ ቤት መብራት ሲሆን ከሌላው ዐይን ውበት ተቀነሰ። የታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ማስፈር አለበት።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከዋናው የኃይል መረብ ውጭ የነበሩ ከተሞች ድርሻቸው የናፍጣ ሞተር ነበር። በብዙ ትናንሽ ከተሞች ሞተሩ ሲመሽ ይነሣል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሳይቆይ ይጠፋል። መለዋወጫ ካልመጣ ወይም ናፍጣ የጫነው መኪና በጭቃ ከተያዘ ከተማው በሙሉ ወደ ኩራዙ ይመለሳል። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር፣ ከውጭ በሚገዛ ጠብታ የሚበራ መብራት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ታየ። ለገጠሯ ሴት ግን ናፍጣ ያመጣላት ትልቁ ነገር ወፍጮ ነበር። የወፍጮው ሞተር ድምፅ በገበያው ጥግ ሲሰማ፣ በየቤቱ ጓዳ ድንጋይ ላይ ያጎነበሰ ወገብ ቀና ማለት ጀመረ። የሣህለ ሥላሴ ዘመን የውኃ ወፍጮ ያላገኘውን ምርቃት የናፍጣው ወፍጮ አገኘ።

ድርቅ ያስተማረው

ሁሉን ለውኃ የሰጠ ሀገር ሁሉን ለደመና ሰጥቷል። በኢትዮጵያ የኃይል መረብ ውስጥ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከአሥር እጅ ዘጠኙን የሚያህለው የሚገኘው ከወንዝ ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲያንስ እርሻው ብቻ አይደርቅም፤ አምፖሉም ይጠፋል። በ1995፣ በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. የግድቦቹ ውኃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ እንዲታደል ሆኗል። ፋብሪካው በሳምንት የተወሰነ ቀን ቆመ፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ ብየዳ ሠራተኛው፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት ፈረቃ ጠባቂ ሆኑ። ሞተርና ምጣድ የለመደ ሰው መብራት ሲጠፋበት የሚያጣው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ የዕለት ገቢውም አብሮ ይጠፋል።

መፍትሔው ከተፈጥሮ ወቅት ጋር መማከር ነበር። ወንዙ የሚሞላው በክረምት ነው፤ በብዙ የኢትዮጵያ ሥፍራዎች ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ በበጋ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሣል፤ ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ ይቆጠባል። በዚህ መሠረት የአዳማ ቁጥር አንድ የነፋስ ማመንጫ በ2004 ዓ.ም. በ51 ሜጋ ዋት፣ ከመቀሌ ወጣ ብሎ የተተከለው አሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. በ120 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ ቁጥር ሁለት ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በ153 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመሩ። የመንዝ እረኛ ባናውን እየተከናነበ ሲሸሸው የኖረው የደጋ ነፋስ በሌላ ኮረብታ ላይ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ።

ከምድር ሆድ የሚወጣው እንፋሎትም አለ። በስምጥ ሸለቆ የዚህ ሀብት ፍለጋ የተጀመረው በ1961 ዓ.ም. ሲሆን፣ በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ በአሉቶ ተራራ ላይ ጉድጓዶች ተቆፍረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ7 ሜጋ ዋት ብዙም ያልበለጠ የሙከራ ማመንጫ ተተከለ። ኃይሉ ትንሽ ነው፤ ጠባዩ ግን ዝናብም ነፋስም የማይጠብቅ ነው። በአዲስ አበባ በረጲ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ ደግሞ ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ተቋም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያ በፊት መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ከሞቱት ብዙዎቹ በክምሩ ሥር በደካማ ጎጆ የሚኖሩ ነበሩ። ከዚያ ሥፍራ የሚወጣው ብርሃን ይህን ሐዘን አብሮ ይሸከማል።

ውኃ፣ ነፋስ፣ እንፋሎትና ቆሻሻ በአንድ መረብ ሲገናኙ አምፖሉ ከየትኛው እንደበራ የሚያውቅ የለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይህ ነው። ነገር ግን ድሩ የሚያስረው የደረሰበትን ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም ምሰሶውን ወደ ብዙ ወረዳዎችና ቀበሌዎች ወስዷል። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እንዳመለከተው፣ በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ ከዋናው መረብ ኃይል የሚያገኘው 33 በመቶው፣ ከመረብ ውጭ ባሉ ዘዴዎች የሚጠቀመው ደግሞ 11 በመቶው ነበር። ከግማሽ የሚበልጠው ሕዝብ አሁንም ከድሩ ውጭ ነበር።

የሬማ ትምህርት

ከመረብ ውጭ የተባለው ዘዴ ምን እንደሆነ ለማየት ከመንዝ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደጋው ወደ ምዕራብ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ በሚዳ ወረሞ ወረዳ የሬማ መንደር አለ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን በሬማና በአካባቢው ወደ ሁለት ሺህ በሚጠጉ ቤቶች የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ተከለ። በየጣሪያው ላይ የተቀመጠው ፓኔል አቅም 10 ዋት ገደማ ነበር። ቀን ባትሪውን ይሞላል፤ ማታ ጥቂት ትናንሽ አምፖሎችን ያበራል፤ ሬዲዮም ያናግራል። በዚያው በሬማ ወጣቶች መትከልንና መጠገንን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተጠቃሚዎችም ለአገልግሎቱ አነስተኛ ክፍያ እየከፈሉ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ እንዲያዋጡ ተደረገ። ሥራው በ2001 ዓ.ም. የአሽደንን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል።

አሁን የሬማን ኃይል በምጣዱ ሚዛን እናስቀምጠው ቢባል ነገሩ ያስደንቃል። የሁለት ሺህ ቤቶች ፓኔሎች በሙሉ ቢደመሩ 20000 ዋት ነው። ይህ ስድስት ምጣድ እንኳ ማጋል አይችልም። ነገር ግን ያው ኃይል በሁለት ሺህ ቤት ኩራዙን አጠፋ። ስድስት ሴቶች በአንድ ጊዜ እንጀራ ለመጋገር የማይበቃቸው ኤሌክትሪክ፣ የአንድ አካባቢ ልጆች ሁሉ ማታ ደብተር እንዲገልጡ በቃ።

በዚህ ቁጥር ውስጥ የጽሑፉ ዋና ፍሬ ነገር አለ። ብርሃን በጣም ጥቂት ኃይል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ከጣሪያ ላይ፣ ከትንሽ ጅረት፣ ከባትሪ። እሳት ግን ብዙ ይጠይቃል። ኩራዝን ለማሰናበት ፀሐይ ትበቃለች፤ ኩበትን ከምድጃ ለማውጣት ወንዝ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት ሳይለዩ «መብራት ገባ» ብሎ መቁጠር የቤቱን ግማሽ ቆጥሮ ግማሹን መርሳት ነው። የተረሳው ግማሽ ዘወትር ጓዳው ነው፤ በጓዳው ውስጥ የምትገኘውም ሴት ናት።

ሬማ ያስተማረው ሁለተኛ ነገርም አለ። የፀሐይ መሣሪያ ሲተከል ያማረ ቢሆንም ባትሪው በጥቂት ዓመታት ያረጃል። የሚጠግን እጅና የተጠራቀመ ገንዘብ ከሌለ ፓኔሉ የጣሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመሣሪያው የሚበልጠው መሣሪያውን የሚጠብቀው ማኅበር ነው። ለዚህ አካባቢ ሕዝብ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቋል። ጓሳው ለዓመታት ተከልሎ ይቆያል፤ የሚከፈትበትንም ጊዜ ማኅበረሰቡ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት ይወስናል፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጸንቶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በአዲስ መልክ ተመልሶ ጓሳው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ሣርን ለልጅ ልጅ ማቆየት የቻለ ሕዝብ ባትሪንም ማቆየት ይችላል፤ የሚያስፈልገው ዕውቀቱ በእጁ እንዲገባ ብቻ ነው።

ከራቤል እስከ ጉባ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል አመነጨ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። 13 ተርባይኖቹ በድምሩ 5150 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ በምጣዱ ሚዛን ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ምጣድ በአንድ ጊዜ ያግላል ማለት ነው። ከአባ ሳሙኤል 1900 የማይሞላ ምጣድ እስከዚህ ድረስ ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ወጪውን ለመሸፈን መምህራንና ወታደሮች ከደመወዛቸው፣ ገበሬዎች ከአዝመራቸው፣ ነጋዴዎች ከትርፋቸው አዋጥተዋል፤ ቦንድ ገዝተዋል።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የነበረው ወንዝ ንጋት በተባለው ሐይቅ ማደሪያ አገኘ። በዚያ ሐይቅ ውስጥ ከግሼና ከመንዝ የወረደ ውኃ አለ። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ በወንጪትና በጀማ ገደል ተንከባሎ፣ ሲሞላ ወለሉ ከባሕር በላይ 640 ሜትር በሚደርሰው ሐይቅ እስኪያርፍ ድረስ ከሁለት ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ወርዷል። የኤሌክትሪክ ኃይል ማለት በመሠረቱ ይህ ቁልቁለት ነው፤ ውኃው ከከፍታው ይዞት የወረደው ጉልበት በተርባይኑ ክንፍ ላይ ይራገፋል። የራቤል ሰማይ የሰጠው ክብደት በጉባ ሥራ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሽቅብ ነው። ኃይሉ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ይጓዛል፤ በማከፋፈያ ጣቢያዎች ኃይለኛው ቮልት ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም በመንደሩ ትራንስፎርመር አልፎ ወደ ቆጣሪው ይገባል። ውኃው ቁልቁል ለመውረድ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። ኃይሉ ሽቅብ ለመመለስ ግን ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪ፣ የማስገቢያ ክፍያና ምጣድ መግዣ ገንዘብ ይጠይቃል። በብዙ የገጠር ሥፍራ መስመሩ በደጃፍ አልፎ ቤቱ በጨለማ የሚቀረው በነዚህ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ምክንያት ነው። በዘመናት የተሠሩት ግድቦች ረጅሙን መንገድ አሳጥረዋል፤ ከምሰሶው እስከ ምድጃው ያለችው አጭር መንገድ ግን ገና ረጅም ናት።

የኢትዮጵያ ባለቅኔ አባይን ለብዙ ዘመን ወቅሶታል፤ አፈሩን ይዞ መኮብለሉን፣ ለባዕድ መገበሩን፣ ለልጆቹ አለመራራቱን እየዘረዘረ። አሁን ወንዙ የተከሰሰበትን በከፊል መልሷል። ከእንግዲህ ወቀሳው ወደ ወንዙ ሳይሆን ከወንዙ ወዲህ ወዳለው ሥራ መዞር ይገባዋል። የተውኔት ጸሐፊም የግድቡን ምርቃት ለመድረክ ሲያበቃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቀረችውን ጋጋሪ ወደ ፊት ማምጣት ይጠበቅበታል፤ እርሷ ያልታየችበት የብርሃን ታሪክ የቤተ መንግሥት ታሪክ ሆኖ ይቀራልና። መምህሩም ለተማሪዎቹ የሜጋ ዋቱን ቁጥር ሲያስጠና የምጣዱን ስሌት ቢጨምርበት፣ ቁጥሩ የየቤታቸውን በር ያንኳኳል።

በክረምት የግሼ ጉም በተረተሩ ላይ ሲተኛ፣ ዝናቡ ያንኑ የጥንቱን ውሳኔ ይወስናል፤ ገሚሱ ወደ አዋሽ፣ ገሚሱ ወደ አባይ። ወደ አባይ የሚወርደው ከእንግዲህ በጉባ ሥራ ሳይሠራ አያልፍም። በደጋው የሚኖረው ሕዝብ የዚያን ሥራ ድርሻ ማግኘቱ የሚታወቀው በአምፖሉ ብቻ አይደለም። በጥቅምት ፀሐይ በየሜዳው ይሰጣ የነበረው ኩበት ከምድጃው ተርፎ ወደ ገብሱ ማሳ ሲመለስ ያን ጊዜ ይታወቃል።